ስልሳ አምስት ነጥብ ያለው አማች

ሩብ ሰዓት ስጡኝ፤ በሳቅ መካስ ቢያቅተኝ እንኳ በዕውቀት እክሳችኋለሁ። የማወራችሁ አንድ ልጅ የአውስትራሊያን የሠራተኛ ቪዛ ሕግ በቃሉ ሸምድዶ ሲያበቃ፣ ቪዛ በማይጠየቅበት ቦታ በዚያው ሕግ እንዴት እንደወደቀ ነው። ልጁ ማን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ልነግራችሁ አስቤ ነበር፤ ግን ምስጢር አልችልም። እኔ ነኝ።

ሰው ሰውን ሳይቆጥር ወደ ቤቱ አያስገባም። አባቶቻችን ሽማግሌ ሲመጣባቸው ሰባት ቤት ወደ ኋላ ይቆጥሩ ነበር። የማን ልጅ ነው? የማን የልጅ ልጅ ነው? በእናቱ በኩልስ ምን ይወራል? አውስትራሊያ በእናት በኩል የሚወራው ነገር አይገባትምና ነጥብ ትቆጥራለች። ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። እዚያ የሚቆጥሩት አዛውንት ናቸው፤ እዚህ የሚቆጥረው ኮምፒዩተር ነው። አዛውንቱ ግን ጠላ ሲቀዳላቸው ትንሽ ይለዝባሉ። ኮምፒዩተር ምን ትቀዱለታላችሁ?

ብሩክ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሃያ ሰባት ነው። ሜልበርን፣ ሰንሻይን ዌስት ውስጥ ባለ አንድ መጋዘን ፎርክሊፍት፣ ማለት የዕቃ ማንሻ መኪና፣ እነዳለሁ። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልደረስኩም፤ ነገር ግን ማንም ሳያዘኝ በየሺፍቱ እረፍት ሳንድዊቼን በአንድ እጄ፣ ስልኬን በሌላው እጄ ይዤ የኢሚግሬሽንን ድረ ገጽ ከራስጌ እስከ ግርጌ አንብቤዋለሁ። ሌላው ሰው እግር ኳስ ይከታተላል፤ እኔ የሙያ ዝርዝር እከታተላለሁ። የትኛው ሙያ ገባ፣ የትኛው ወጣ፣ የትኛው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዌስት ፉትስክሬይ ያለችው ካፌያችን ውስጥ “ማብራሪያ” እያሉ ይጠሩኛል። ስድብ መሆኑን የነገረችኝ ሰላማዊት ናት፤ እኔ ማዕረግ መስሎኝ ሦስት ዓመት ኮርቼበታለሁ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላስረዳ። እዚህ አገር ያለ ፈቃድ ሰውን ስለ ቪዛ ማማከር ክልክል ነው። ስለዚህ እኔ አላማክርም፤ አስረዳለሁ። አማካሪ “እንዲህ አድርግ” ይላል። አስረጂ ግን “እንዲህ ያደረገ ሰው ምን እንዳገኘ ታውቃለህ?” ብሎ ማኪያቶውን ፉት ይላል። ለሕጉ ይኼ ይበቃዋል።

ነገሩ የጀመረው ጋሼ በላቸው አጠገቤ የተቀመጡ ዕለት ነው። ጋሼ በላቸው ሃያ ዓመት ትራም ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት ሱዳን ውስጥ የስደተኛ ካምፕ ነበሩ። እሳቸው ወደዚህ ሲመጡ ነጥብ የቆጠረባቸው የለም፤ እንደሚሉት ከሆነ ቃለ መጠይቁ “አለህ?” “አለሁ” ነበር። አሁን ግን አዲስ አበባ ያለው የወንድማቸው ልጅ፣ ዳንኤል፣ ወደ አውስትራሊያ መምጣት ይፈልጋል። አካውንታንት ነው፤ ሁለት ዲግሪ አለው። ጋሼ በላቸው ያልገባቸው ነገር ይህ ነው፦ አገሩ ጠዋት ማታ በቴሌቪዥን “ሠራተኛ ጠፋ” እያለ እየጮኸ፣ ሁለት ዲግሪ ይዞ በር ላይ የቆመውን ለምን አያስገባም?

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእኔ የልደት ስጦታ ነው። ወንበሬን ሳብ አደረግሁ።

ነገሩ በር አለው፣ መሰላል አለው፣ አልኳቸው። በሩ ሙያ ነው። ሙያችሁ በዝርዝሩ ከሌለ፣ አሥር ዲግሪ ቢኖራችሁም ደጅ ናችሁ። በሩን ካለፋችሁ በኋላ መሰላሉ ይመጣል፤ እሱ ነጥብ ነው። ማለፊያው ስልሳ አምስት ነው፤ ያለፈ ሁሉ ግን አይጠራም። አገሩ የጠማውን ሙያ አስቀድሞ ይጠራል፤ ነርስና መምህር ከፊት፣ ግንበኛና ሰድር አንጣፊ ተከትለው። አካውንታንትም ዝርዝሩ ላይ አለ። ግን ድግስ ላይ እንደተጠራ የሩቅ ዘመድ ነው፤ መጠራቱን ተጠርቷል፣ ወጡ የሚደርሰው ሌላው በልቶ ሲነሣ ነው። አንድ ሰሞን ደግሞ የውሻ አሠልጣኝ ዝርዝሩ ላይ ነበረ ስላቸው፣ ጋሼ በላቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። እሳቸው ባደጉበት ሰፈር ሰውን መንገድ ያስለወጠ ውሻ እንጂ የሠለጠነ ውሻ አይተው አያውቁም።

ከዚያ በዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁላቸው። ዕድሜው ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ሁለት ለሆነ ሠላሳ ነጥብ። አርባ አምስት ለሞላው የሚከፈት በር የለም። እንግሊዝኛ ጥርት ላለለት ሃያ። እንደ አማርኛ ያለ የማኅበረሰብ ቋንቋ ተፈትኖ ላለፈ አምስት። ላጤ ለሆነ አሥር። ክፍለ አገር ወደ እኔ ይምጣልኝ ብሎ ለደገፈው አሥራ አምስት።

ጋሼ በላቸው ጣታቸውን ላጤው ላይ አሳርፈው ቆዩ። ላጤነት ከመቼ ወዲህ ነው ሙያ የሆነው፣ ሲሉ ጠየቁኝ። ሚስት ያለችው ሰው የሚስቱም ሙያና እንግሊዝኛ እንደሚታይ፣ የእሷ ካልሞላ ከእሱ ነጥብ እንደሚጎድል፣ ላጤ ግን የሚጎትተው እንደሌለ አብራራሁላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን በአራት አጥፈው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ እኔ ግን ለአራጄ ቢላዋውን ስዬ ሰጥቻለሁ።

ምክንያቱም ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ሰላማዊት የጋሼ በላቸው ልጅ ናት።

የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት፤ የሙያ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ብታነቡ ሳትደክሙ የምታገኟት ዓይነት። ከተዋወቅን ሁለት ዓመታችን ነው። አባቷ አያውቁም ነበር፤ ማለቴ አባቶች በሚያውቁበት መንገድ እያወቁ አያውቁም ነበር። ልናገባ ስንወስን ያዘዘችኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሽማግሌ ላክ፤ ምንም አታስረዳ። ሁለተኛው ቀላል መሰለኝ። በእኛ ወግ ሽማግሌ ሲሄድ ሙሽራው አብሮ አይገባም፤ ካልገባሁ ምን ላስረዳ እችላለሁ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች በመኪናዬ ይዤ ሰንሻይን ዌስት ሄድኩ። አፈ ጉባኤያቸው የፍሌሚንግተኑ ጋሼ ተፈራ ናቸው። ከእናቴ ጋር በዘጠኝ ዓመቴ ስመጣ እዚያ ባለ ሰማይ ጠቀስ የመንግሥት መኖሪያ ሕንጻ ውስጥ ጎረቤታችን ነበሩ። ከጋሼ በላቸው ቤት ሁለት ደጃፍ አልፌ አቆምኩና እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ።

ቶሎ ወጡ። በጣም ቶሎ። ጋሼ ተፈራ ገብተው ቀበቶአቸውን አሰሩ። በስንት ልመና እንዲህ ሲሉ ነገሩኝ።

ቆመው “ልጅዎን ለልጃችን” አሉ። ተቀመጡ ተባሉ። መልካም ምልክት ነው ብለው ተቀመጡ። ይኼኔ ጋሼ በላቸው መነጽራቸውን አደረጉና ከኮታቸው ኪስ የዳቦ ወረቀት አወጡ። ዕድሜ? ሃያ ሰባት። ሠላሳ ጻፉ። እንግሊዝኛ? በዘጠኝ ዓመቱ ነው የመጣው፤ እንደ ነጭ ነው የሚያወራው። ሃያ። የአማርኛ ምስክር ወረቀት? አለው፤ ማንም ሳያዘው ተፈትኗል። አምስት። አግብቷል? እዚህ ላይ ጋሼ ተፈራ ወጥመድ መስሏቸው ትንሽ ካቅማሙ በኋላ፣ ያላገባ ስለሆነ አይደል የመጣነው፣ ብለው መለሱ። አሥር። ተደመረ፤ ስልሳ አምስት። ማለፊያው ነው። ሽማግሌዎቹ ለመመረቅ ከወንበራቸው ብድግ ማለት ጀመሩ።

“ቆዩ፤” አሉ ጋሼ በላቸው። “ልጄን ያገባ ዕለት ላጤነቱ ይቀራል። አሥሩ ይነሣል። አምሳ አምስት። ታዲያ የወደቀ ሰው ልሰጣት ነው?”

ሥራው ምን እንደሆነም ጠይቀው ነበር። ፎርክሊፍት ሲባሉ፣ ለዚህ ቤት የሚያስፈልገው የሙያ ዝርዝር ገና እየተዘጋጀ ነው፤ እሱ ሲያልቅ እናያለን አሉ።

“ምን እንመልስ?” አሉኝ ጋሼ ተፈራ። “ሒሳቡ ልክ ነው።”

እውነቱን ልናገር፤ ከኀዘኑ በፊት የመጣብኝ ኩራት ነው። አንዲት ነጥብ አልሳቱም! እንዲህ ያለ ተማሪ የት ይገኛል? ኀዘኑ የደረሰው ባሏራት ሮድ ላይ መብራት ሲይዘን ነው። ያኔ ደግሞ ትዝ አለኝ፤ አንቀጽ አለ። ሕጉ የላጤውን አሥር ነጥብ የሚሰጠው ለላጤ ብቻ አይደለም። የትዳር ጓደኛው የአውስትራሊያ ዜጋ የሆነ ሰውም ያንኑ አሥር ያገኛል። ሰላማዊት ዜጋ ናት። አሥሬ አልተነካም! ከሰንሻይን ዌስት እስከ ፍሌሚንግተን ሙሉውን መንገድ አስረዳኋቸው፤ ሕንጻው ሥር ደርሰንም ሞተር ሳላጠፋ ደገምኩላቸው። አንደኛው ሽማግሌ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበርና እሳቸውን ቀስቅሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ በሚቀጥለው እሑድ አንቀጹን ይዛችሁልኝ ሂዱ አልኩ። “ምንም አታስረዳ” የሚለው ትእዛዝስ? እኔ አላስረዳሁም፤ ሽማግሌዎቼ ናቸው የሚያስረዱት።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በሁለተኛው እሑድ ጭራሽ በሩጫ ነው የወጡት። የሆነው እንዲህ ነው። ጋሼ ተፈራ ቆሙና ልጃችን አንቀጽ አግኝቷል አሉ። ምን ይላል? ተባሉ። እኔ ያቀበልኳቸውን የግማሽ ሰዓት ማብራሪያ፣ እሳቸው እንደ አስተዋይ ሰው፣ አሳጥረው አቀረቡት፦ በሕጉ መሠረት ዜጋ ያገባ ሰው እንደ ላጤ ይቆጠራል።

የሰላማዊት እናት እትዬ ዘነበች ጭልፋቸውን እንደያዙ ከጓዳ ብቅ አሉ።

“ልጄን አግብቶ እንደ ላጤ ሊቆጠር?”

አይደለም እኮ፣ ለነጥብ ያህል ነው፣ አሏቸው ሽማግሌዎቹ።

“ሁሉም የሚጀምረው ለነጥብ ያህል ነው፤” አሉ እትዬ ዘነበች። ከዚያ በኋላ የተባለውን ጋሼ ተፈራ ሊነግሩኝ አልፈቀዱም፤ ጭልፋው ወጥ እንደነበረው ግን ከነጠላቸው ላይ አይቻለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ማምሻውን ሰላማዊት ደወለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

“ቀኑን ሙሉ ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን ሳዳምጥ እውላለሁ። ከዚያ ወጥቼ ደግሞ አንተን አዳምጣለሁ። እኔን የሚያዳምጥ ሰው በየትኛው ዝርዝር ላይ ነው ያለው፣ ብሩክ?”

መልስ ነበረኝ። አዳማጭ የሚባል ሙያ በዝርዝሩ ላይ እንደሌለ፣ የሚቀርበው ምናልባት የሥነ ልቦና አማካሪ እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። ዘጋችብኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ አላነሣችም። በማግስቱም አላነሣችም። ሦስተኛው ቀን ላይ ፎርክሊፍቴን አቁሜ የመጀመሪያዬን ነገር ተረዳሁ፦ ልጅቷ ከእጄ እየወጣች ነው፤ ያባረራትም የአባቷ ሠንጠረዥ ሳይሆን የእኔ አፍ ነው።

ዓርብ ዕለት ስልኬ ጮኸ። ጋሼ በላቸው ናቸው። እሑድ ብቻህን ና፤ ሽማግሌ አታምጣ አሉኝ። በወጋችን እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ በሕጉ ግን አለ። የሙያ ምዘና ይባላል። እጩው በአካል ተገኝቶ፣ እችላለሁ ያለውን ነገር መቻሉ ይታያል። ችግሩ ምን እንደምችል አለማወቄ ነበር።

ሱፌን ለብሼ ሄድኩ። ምሳ ቀርቧል። ሰላማዊት ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ አጠገቤ ተቀመጠች። ጋሼ በላቸው ከሱዳን ጀመሩ። የጭነት መኪናው በረሃ መሀል እንዴት እንደተበላሸ፣ ሾፌሩ እንዴት ጥሏቸው እንደሄደ፣ አንዲት ጀሪካን ውሃ ለስንት ሰው እንደተካፈለች አወሩ። ርቀቱን ሲናገሩ ተሳሳቱ። አውቀዋለሁ፤ ካርታ ላይ ለክቼዋለሁ። አፌን ስከፍት እትዬ ዘነበች ቀና ብለው አዩኝና ትልቅ ጉርሻ አጎረሱኝ። አፍ ሲሞላ ሰው ማዳመጥ እንደሚችል ያን ዕለት አወቅሁ። ደግሞም ሳስበው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከእኚህ ሰው ጋር ስንት ማኪያቶ ጠጥቻለሁ፤ ያቺን ጀሪካን ግን አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ከሱዳን ወደ ትራሙ ተሻገሩ፤ ሬስኮርስ ሮድ ሐዲዱ ላይ መኪናዋን አቁማ ዳቦ ልትገዛ ስለገባችው ሴትዮ። ከትራሙ ቀጥለው ስልክ አወጡና አዲስ አበባ ላለው ለዳንኤል በቪዲዮ ደወሉ። ስለ ነጥቡ ላስረዳህ አሉት። ዕድሜ እስከ ስልሳ ድረስ ይፈቀዳል። ላጤ ደግሞ ሠላሳ ነጥብ አለው። ሳህኑን በሁለት እጄ ያዝኩት። ትክክለኛውን ሠንጠረዥ ለዳንኤል ከወራት በፊት በሰባት የድምፅ መልእክት ልኬለታለሁ፤ ልቅም አድርጎ ያውቀዋል። ልጁ ግን ፈገግ ብሎ፣ “እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ” ይላል። ከእኔ ቀድሞ ምዘናውን ያለፈ ሰው መሆኑ ገባኝ። እኔም ዝም አልኩ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ እንጂ ዝም አልኩ።

ስልኩ ተዘጋ። የዳቦው ወረቀት ወጣ። በጀርባው አዲስ ዝርዝር ተጽፎበታል፤ የዚህ ቤት የጎደሉ ሙያዎች። ቧንቧ ሠራተኛ የለበትም፤ ነርስም የለበትም። አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፦ ሰሚ።

“ሃያ ዓመት ትራም ነዳሁ፤” አሉ ጋሼ በላቸው። “ከኋላዬ መቶ ሰው ተሳፍሮ አንድ የሚያዋራኝ አልነበረም። ልጆቼ በአማርኛ ስጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። ዘነበች ደግሞ ሁሉንም ሰምታ ጨርሳ ጡረታ ወጥታለች። በዚህ ቤት ተናጋሪ ሞልቷል፤ እኔ ራሴ አለሁ። ሌላ ተናጋሪ ምን ያደርግልኛል?”

እስክሪብቶ አነሡ። በሩን አልፈሃል፣ አሉኝ። መሰላሉ ላይ አምሳ አምስት ነበርክ። ክፍለ አገር የደገፈው አሥራ አምስት ይጨመርለታል ብለኸኛል። ሰንሻይን ዌስት ክፍለ አገር ነው፤ እኔ ደግሞ ደግፌሃለሁ። ሰባ።

ወዳጆቼ፣ ሰንሻይን ዌስት ክፍለ አገር አይደለም። ሜልበርን ከነዳርቻዋ ከዚያ አሥራ አምስት ነጥብ ውጭ ናት፤ ይህን ለሰው ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ። ስሕተቱ ለእኔ ነው የሚጠቅመው፤ ዝም ብል ሚስት አገኛለሁ፤ ግን ስሕተት ነው! ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲንደረደር የሰላማዊት ተረከዝ እግሬ ላይ አረፈ።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ፤” አልኩ።

ጋሼ በላቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

“ሰንሻይን ዌስት ክፍለ አገር እንዳልሆነ፣ ይህን ከተማ ሃያ ዓመት ለዞረ ሰው ታስረዳለህ ብዬ ፈርቼ ነበር፤” አሉ። “ግን ፈቃዱ ጊዜያዊ ነው። ቋሚው እሑድ እሑድ እየመጣህ ይታያል።”

ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። የሱዳኑን ታሪክ አምስት ጊዜ ሰማሁት፤ የተበላሸው መኪና አሁን ሁለት ሆኗል፤ እኔ ምን አገባኝ? ጀሪካኗ ግን አንድ ናት፤ እሷን በሚናገሩበት ጊዜ ሁልጊዜ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ ይህን ያወቅሁት ሳልናገር ነው። ዳንኤል ሁለቱን ዲግሪዎቹን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሰድር ማንጠፍ ኮርስ ገብቷል። ሰሞኑን አንድ መታጠቢያ ቤት ጨርሶ ፎቶ ላከልኝ። መስመሩ የአካውንታንት ነው፤ ዝንፍ አይልም።

እንግዲህ እናንተም ሞክሩት። ዛሬውኑ አንድ አዛውንት ፈልጉ፤ አማት ይሁኑ ጎረቤት። የሚያወሩት ነገር ስሕተት መሆኑን እያወቃችሁ እስከ መጨረሻው አዳምጧቸው። የእንግሊዝኛ ፈተና የለውም፣ የዕድሜ ገደብ የለውም፤ ከፍሌሚንግተን እስከ ሰንሻይን ዌስት ሰሚ የሚፈልግ ቤት ሞልቶ አመልካቹ ጠፍቷል። አሠራሩም ሦስት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያውን በዝርዝር ላስረዳችሁ ነበር፤ ግን ሰላማዊት ከጀርባዬ ቆማ እያነበበች ነው፤ እግሬንም ረግጣኛለች።